ውዳሴ ቅናሽ

በእኛ በእስራኤል፣ በአሽቀሎን በምንኖር ቤተ እስራኤላውያን ዘንድ ልብስሽ ያምራል ለተባለች ሴት «አመሰግናለሁ» ብሎ መመለስ ከቀረ ሰነባብቷል። የአሁኑ መልስ ዋጋ ነው። ሰርግ ላይ፣ ሂና ላይ፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሳይቀር «እንዴት ያምርብሻል!» የሚለው ቃል ሳያልቅ «ሃያ ሼቅል ነው እኮ!» ይመጣል። ሰሚዎቹም ሸሚዙን ትተው ሃያውን ያደንቃሉ። ከጎኗ የተቀመጠችው ዝም አትልም፤ እሷ አንድ ሲደመር አንድ አግኝታ ሁለቱን በሠላሳ ወስዳለች። ሦስተኛዋ ከቻይና በስልኳ አዝዛ በአሥራ ሁለት ሼቅል ደጇ ድረስ አስመጥታለች፣ ያውም ዋጋው ትንሽ ነው ተብሎ ማዓም (የተጨማሪ እሴት ታክስ) ሳይከፈልበት። ወንዶቹም ከዚህ አይተናነሱም፤ ስለ ጫማ ሲነሳ ይታያሉ። በዚህ ፉክክር አሸናፊው የተዋበው ሳይሆን ትንሽ የከፈለው ነው። ጥርሴን እያፋጨሁም ቢሆን፣ እንዲህ ያለ ጀግንነት ያለ ምስጋና መቅረቱ ተገቢ ሆኖ ስላልታየኝ የሚገባውን ውዳሴ ለማቅረብ ተነሥቻለሁ።

ውዳሴ ደግሞ ያለ ማስረጃ አያምርም። ልብሱ ወደሚሰፋበት፣ ወደ ሐዋሳ እንሂድ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው በጁላይ 2016 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር እወስዳለሁ)፤ የቻይናው ተቋራጭ በዘጠኝ ወር ገደማ እንደገነባው በኩራት ተነግሮ ነበር። የቶሚ ሂልፊገርና የካልቪን ክላይን ባለቤት የሆነው ፒቪኤች አቅራቢዎቹን አስከትሎ ገባ። በሜይ 2019 በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ትምህርት ቤት የቢዝነስና የሰብአዊ መብት ማዕከል ያወጣው ጥናት የፓርኩን መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ብሎ መዘገበው። በዚያው ጥናት ባንግላዴሽ 95፣ ኬንያ 207 ዶላር ነበሩ። መንግሥት ባለሀብት ሲጠራ በአደባባይ የዘረጋው ሸቀጥም ይኸው ነበር፦ በልብስ ስፌት ዓለም ከሁሉ ያነሰ ደመወዝ። በሩጫ አንደኛ መውጣት የለመደ ሕዝብ እዚህም አንደኛ ወጣ፤ ልዩነቱ በዚህኛው ውድድር ወርቁ የሚሰጠው ከኋላ ለሚቆጠር መሆኑ ነው። በጊዜው ምንዛሪ 26 ዶላር 94 ሼቅል ገደማ ነው። በዚያ ዓመት የእስራኤል ዝቅተኛ ደመወዝ በወር 5,300፣ በሰዓት ደግሞ 29 ሼቅል ከ12 አጎሮት ነበር። እንግዲህ እዚህ አሽቀሎን ቢሮ የምታጸዳ የእኛው ሴት ጠዋት ገብታ ለቡና እስክትቀመጥ፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ በማይሞላ ጊዜ፣ የሐዋሳዋ ልጅ ወሩን ሙሉ ሰፍታ የምታገኘውን አግኝታለች ማለት ነው።

ሸሚዙ ላይ ያለው ዋጋ ለማን ለማን እንደሚከፋፈል ማየት ለሚፈልግ፣ የንጹሕ ልብስ ዘመቻ የተባለው ዓለም አቀፍ ንቅናቄ ያሰራጨው የታወቀ ስሌት አለ። በአውሮፓ 29 ዩሮ ከሚሸጥ ቲሸርት ላይ ከእኩሌታው የሚበልጠው ሱቁ ጋ ይቀራል፤ ማርካው ከ3 ዩሮ በላይ ያተርፋል፤ ጨርቁ፣ ማጓጓዣው፣ ደላላው፣ የፋብሪካው ባለቤት የየድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ ለሰፉት እጆች 18 ሳንቲም ይደርሳል። ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ይህን ሳይ የምደነቀው በ18 ሳንቲሙ ማነስ አይደለም፤ ሳንቲሙ ረስተውት የቀረ ይመስላልና። የሚደንቀኝ ሌላ ነው፦ በ26 ዶላር ኪራይ ተከፍሎ፣ ተበልቶና ታክሲ ተሳፍሮ፣ በማግስቱ በሰዓቱ የስፌት መስመሩ ላይ መቀመጥ የቻለ ሰው መገኘቱ። ይህ ተአምር እንዴት ሆነ?

ተአምሩ የሆነው በጆንያ ነው። ከሲዳማ ገጠር የመጣችው ልጅ ከአራት ጓደኞቿ ጋር በተከራየችው ክፍል ጥግ፣ ከቤት የተላከላትን ቆጮና በቆሎ በጆንያ አስደግፋ አስቀምጣለች። በርበሬውን እናት አስፈጭታ ልካለች። ወሩ አጋማሽ ላይ ሲጎድል ወንድም ይልካል፤ ወንድም ከሌለው ዐረብ አገር ያለች እህት፤ እሷም ካልቻለች ስልኩ አሽቀሎን ያለች አክስት ጋ ይጮኻል። አክስት ትልካለች። እንዲህ እየተባለ ነው ሸሚዙ ርካሽ የሆነው። የሰፊዋን ምሳና የቤት ኪራይ ገበሬው አባቷና ባሕር ማዶ ያሉ ዘመዶቿ እየቻሉላት፣ ማርካው የተረፈውን ትንሽ ነገር «ደመወዝ» ብሎ ይከፍላል። በሰርጉ አዳራሽ የሃያ ሼቅል ሸሚዟን ያስደነቀችው ሴት የሸሚዙን ዋጋ ከፍላ አልጨረሰችም፤ ቀሪውን እሑድ ጠዋት በገንዘብ መላኪያው መስኮት ትከፍላለች። እዚያ የምትቀበለውን ደረሰኝ ግን ሰርግ ላይ አታሳይም። 26 ዶላር ደመወዝ አይደለም። ሰውን ለማሠራት የማይበቃ ገንዘብ ምን ተብሎ እንደሚጠራ እንጃ፤ ደመወዝ ግን አይደለም።

ይቅርታ፣ ውዳሴ ላይ ነበርን። ይህ ጥበብ የሚነቀፍበት አንድ ነገር ቢኖር መንገዱን ሳይጨርስ መቆሙ ነው። ከ95 ይልቅ 26 ከተሻለ፣ ከ26 ይልቅ 13 ይሻላል፤ ዜሮ ከሁሉም ይበልጣል። ዜሮ ላይ ግን ማን ቁሙ ብሎናል? ከዜሮ በታች እኮ ገና ያልተነካ ቁጥር ሞልቷል። ልጅቷ ለፋብሪካው ትክፈል። ለምሳሌ በወር 26 ዶላር፤ የለመደችው ቁጥር ስለሆነ ግራ አትጋባም። ደግሞስ የምታገኘው ጥቅም ቀላል ነው? ጣራ ሥር ትቀመጣለች፣ በመብራት ትሠራለች፣ ስመ ጥር ማርካ በእጇ ያልፋል። ይህን ሁሉ እስከ ዛሬ በነፃ ማግኘቷ ነው ግፉ። ገንዘቡን ከየት ታመጣለች ለሚል መልሱ አጠገባችን ነው፦ ዕቁብ። የሸሚዝ ዕቁብ። ዳኛው ማርካው፣ ጸሐፊው ፋብሪካው፣ ጣዮቹ ልጅቷ፣ አባቷ፣ እናቷ፣ ቤይሩት ያለች ታላቅ እህቷና አሽቀሎን ያለች አክስቷ ናቸው። አባት በሬ ሸጦ መግቢያውን ይከፍላል። እናት ገንዘብ ስለሌላት በዓይነት ትጥላለች፤ ቆጮ ይመዘናል። የቤይሩቷ በዶላር፣ የአሽቀሎኗ በሆራአት ኬቫ፣ በየወሩ ከባንክ ሒሳቧ እየተቆረጠ። ዕጣው በወሩ መጨረሻ ሁሉም በተገኙበት በግልጽ ይወጣል፤ ሁልጊዜም የሚወጣው ለዳኛው ነው። ማጭበርበር እንዳይመስል ከመጀመሪያውም ኮሮጆው ውስጥ የገባው የእሱ ስም ብቻ ነው። የቀረበት ሰው ይቀጣል። የከፈለ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ወር እንዲከፍል ይፈቀድለታል።

ሥራው ሲሰፋ እዚህ አሽቀሎን ካንዮኑ (የገበያ ማዕከሉ) ውስጥ፣ ከገንዘብ መቀበያው አጠገብ ሁለተኛ መስኮት ይከፈታል። አክስት በመጀመሪያው መስኮት የሸሚዙን ሃያ ሼቅል ትከፍላለች፤ በሁለተኛው የሰፊዋን ደመወዝ። የመጀመሪያው ደረሰኝ ዕቃ ይመልሳል፤ ሁለተኛው ምንም አይመልስም። ሰልፍ እንዳይበዛ ቆይቶ ሸሚዙ በነፃ ይሰጥና ደመወዙ ብቻ ይከፈላል፤ ያን ጊዜ «ስንት ገዛሽው?» ስትባል «በነፃ!» ብላ አዳራሹን ሙሉ ጸጥ ታሰኛለች። አንገቱ ላይ የተሰፋችው ትንሽ ጨርቅም ትታረም። «በኢትዮጵያ የተሠራ» ብቻ ብሎ መተው ደረቅ ነው። «የሰፋችው የእህትሽ ልጅ፤ ያበላቻት እናቷ፤ ኪራዩን የከፈልሽው አንቺ፤ በ30 ዲግሪ ይታጠብ» ተብሎ ይጻፍ። ማርካው በዓመቱ መጨረሻ ስለ ማኅበራዊ ኃላፊነቱ በሚያሳትመው ባለ ቀለም ጥራዝ ላይ የአክስትን ፎቶ «አጋራችን» ብሎ ያወጣል። እናት ፎቶው ላይ አትገባም፤ ፎቶ አንሺው ሲመጣ እንሰት እየፋቀች ስለነበር ለመጽሔት አትመጥንም። ይህን ሁሉ ቀልድ ነው የሚል አንባቢ አንድ በአንድ ይቁጠረው፤ በሬው፣ ቆጮው፣ ቤይሩት፣ በየወሩ የሚላከው ገንዘብ፣ ለአንድ ሰው የሚወጣው ዕጣ። ገና ያልተጀመረው መስኮቱ ብቻ ነው።

ሌሎች በረከቶችም አሉ፤ በአጭሩ ልለፋቸው። ቁም ሳጥኖቻችን አይዘጉም። ሁለት ጊዜ የታጠበ ቲሸርት በሦስተኛው ወለል ይወለወልበታል። የቀረው ሰልባጅ ሆኖ ወደ አፍሪካ ይመለሳል፤ አገር ቤት ያለው ሸማኔም ከራሱ አህጉር ልጆች ስፌት ጋር በኪሎ ይወዳደራል። ምንዛሪም የራሱ በረከት አለው። ፋብሪካው የሚሸጠው በዶላር፣ የሚከፍለው በብር ነው፤ በጁላይ 2024 መጨረሻ የብር ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ደመወዟ በብር ባለበት የቀረ ሠራተኛ ሁሉ በዶላር ሲታይ እኩሌታ ሆነች። ማንም ገዢ ተከራክሮ የማያገኘው ቅናሽ ነው፤ ለዚያውም ያለ ክርክር።

አሁን ተቃውሞዎቹን እንስማ፤ ቀላል አይደሉምና። «ሥራ ከመፍታት አይሻልም ወይ?» የሚለው የመጀመሪያው ነው። ይሻል ነበር፣ ልጆቹ ራሳቸው ቢስማሙ። ያው የ2019 ጥናት እንደሚለው በሐዋሳ የሠራተኛው መልቀቅ በዓመት በአማካይ መቶ በመቶ ይጠጋ ነበር፤ ፋብሪካው በየዓመቱ ሙሉ ሰው እንደ አዲስ እንደሚቀጥር ያህል ማለት ነው። አንዳንዱ ይህን የሥራ ባህል ማጣት ይለዋል። ባህል አይደለም፣ ሒሳብ ነው፤ ልጅቷ ደምራ ቀንሳ ነው የሄደችው። ሁለተኛው «ደመወዝ ከተጨመረ ፋብሪካው ይሸሻል» የሚለው ነው። ፒቪኤች የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ በኖቬምበር 2021 ሲያስታውቅ ደመወዝ ተወዶበት አልነበረም። ሰሜኑ ጦርነት ላይ ነበር፤ አሜሪካም ኢትዮጵያን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአጎዋ፣ ያለ ቀረጥ ከመላክ ዕድል፣ ልታስወጣ ወስና ነበር። ከዓለም ያነሰው ደመወዝ ያንን ፋብሪካ ማስቀረት አልቻለም። ርካሽነት ታማኝነትን አይገዛም፤ በርካሽነት የመጣ በርካሽነት፣ ወይም በቀረጥ፣ ወይም በሌላ ሰበብ ይሄዳል፤ ልጅቷ ግን ሁለቱንም ጊዜ ከፍላለች፣ ሲመጣም ሲሄድም። ሦስተኛው «ታዲያ ልብሱ አይወደድም?» ነው። ወደ 18ቱ ሳንቲም እንመለስ፤ እጥፍ ቢደረግ 36 ይሆናል። በ29 ዩሮ ላይ 18 ሳንቲም ስትጨመር ማንም አይሰማውም። ያንን እንኳ የሚበላ ቅናሽ ሱቁ በየሳምንቱ ያውጃል።

ለእኛ ለቤተ እስራኤል ልጆች ነገሩ ሌላም ፊት አለው። አባቶቻችን በጎንደርና በሰሜን ርስት ተነፍገው በእጃቸው ሥራ ነበር የኖሩት፤ ሸማኔ፣ አንጥረኛ፣ ሸክላ ሠሪ። ጎረቤቱ ቀን የሸመኑትን ለብሶ ማታ ቡዳ ናቸው ይል ነበር። በእጁ የሚሠራን ሰው ዝቅ አድርጎ ሥራውን ዝቅ ባለ ዋጋ መውሰድ ምን ማለት እንደሆነ ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ አለ ለማለት ይከብዳል። እንግዲህ የእነዚያ ልጆች ለሲግድ በዓል የሐበሻ ቀሚስ ሲያስመጡ የሚሆነውን ተመልከቱ። ሽሮ ሜዳ ያለው ሸማኔ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰድዶ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ እየሰደደ ጥለቱን በክር ቆጥሮ ያስገባዋል፤ ከእሱ በፊት ደግሞ ሴቶች ጥጡን ነድፈው በእንዝርት ፈትለውታል። ይህ ቀሚስ ነው ውድ የሚባለው። «እዚያ እኮ ርካሽ ነው» ተብሎ ሰው ይላካል፣ የላኩት ሰው ደግሞ ተከራክሮ ከሸማኔው ላይ ሌላ ያራግፋል። ካንዮን ስንገባ ግን ማሽኑ ጢጥ ሲል አንድ ቃል አንተነፍስም። ክርክራችንን ሁሉ የምናፈሰው ሠሪው ፊት ለፊታችን በቆመበት ቦታ ነው፤ ሠሪው በማይታይበትማ ባርኮድን እንደ አዛዥ እንታዘዛለን።   

ሩቅ ነገር ነው ለሚል ደግሞ ቂርያት ጋት ቅርብ ናት፤ በመኪና ግማሽ ሰዓት። መቀመጫው እዚያ የነበረው ባጊር የተባለ የሱፍ ልብስ ኩባንያ በ2010ዎቹ አዳማ ናዝሬት ጋርመንት ውስጥ ድርሻ ገዝቶ ለአውሮፓ ሱቆች ሱፍ ያሰፋ ነበር። ቂርያት ጋት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የቆመች፣ የእኛም ሰዎች በብዛት የሰፈሩባት ከተማ ናት። ስፌቱ ከእሷ ተነሥቶ ርካሽ እጅ ወዳለበት ሲጓዝ ግብፅን አልፎ መጨረሻው ኢትዮጵያ መድረሱ፣ እኛ ከመጣንበት መንገድ ጋር በአየር ላይ ሳይተላለፍ አልቀረም። ለምን ሄደ? እዚህ ከ1987 ጀምሮ የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ አለ፤ ከወለሉ በታች የከፈለ አሠሪ ይቀጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ ለግል ፋብሪካ ወለል የለም። በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛውን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል፤ አንቀጹ ለዓመታት እዚያው ወረቀቱ ላይ ተቀምጦ ብር ረከሰ፣ ጤፍ ተወደደ። የሁለቱ ልዩነት የሠራተኛ ጉብዝና አይደለም። ያችው ሴት ናት፤ አዳማ ስትሆን ወለል የላትም፣ ቂርያት ጋት ስትሆን አላት።

የመጨረሻውን ተቃውሞ ያቆየሁት ከሁሉ የሚከብደው ስለሆነ ነው። «እኛስ ሀብታም ነን ወይ? በዝቅተኛ ደመወዝ አምስት ልጅ የምታሳድግ ሴት ከየት አምጥታ ውድ ልብስ ትግዛ?» እውነት ነው፣ አትግዛ። ውድ መግዛትም አይረዳም፤ ሦስት መቶ ሼቅል የተጻፈበት ሸሚዝም ከዚያው ፓርክ፣ ከዚያው ወንበር ሊመጣ ይችላል፣ ትርፉ ብቻ ነው የሚረዝመው። ስለዚህ ሃያ ሼቅል መክፈሏ ጥፋት አይደለም። እኔን የሚያንገበግበኝ ዋጋው ሃያ ብቻ እንደሆነ ማመኗ፣ አምናም እንደ ድል ማወጇ ነው። ማን ምን ያህል እንደከፈለ ቢታወቅ ግን ክርክሩ ከሸማኔው ላይ ተነሥቶ ወደሚገባበት ይሄድ ነበር። እንዲህ የሚያደርግ ሕግም ሕልም አይደለም። በባንግላዴሽ ራና ፕላዛ በ2013 ተንዶ ከ1,100 በላይ ሰው ሲሞት ብዙ ማርካዎች በሕግ የሚያስገድድ የደኅንነት ስምምነት ፈርመዋል፤ በሕዝብ ግፊት ነው፣ ሠርቷልም። በኖርዌይ ከጁላይ 2022 ጀምሮ ማንም ተራ ሰው ለአንድ ትልቅ ኩባንያ ደብዳቤ ጽፎ ዕቃህ በምን ሁኔታ ተሠራ ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ ኩባንያው በሦስት ሳምንት ውስጥ መመለስ አለበት። አሽቀሎን ካንዮን ውስጥ ገንዘብ ተቀባይዋን «ይህን ማን ሰፋው? ስንትስ ተከፈላት?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ መልሱ ሦስት ሳምንት አይፈጅም። ከረጢት ትፈልጉ እንደሆነ ትጠይቃችኋለች፤ ከረጢቱ ደግሞ የብቻው ይከፈላል።